ፖፖውን አትርሱ፦ ከሦስት ልጆችና ከአንድ አያት ጋር ወደ ላንጋኖና ሐዋሳ

ቱሉ ዲምቱ ላይ የክፍያውን በር ካለፍን አምስት ደቂቃ አልሞላም። ከኋላ ወንበር «ሽንቴ መጣ!» የሚል ድምፅ ተሰማ። ሚጣ ናት፤ ያኔ የሦስት ዓመት ልጅ ነበረች። ባለቤቴ ዞሮ አየኝ። ፈጣን መንገዱ ላይ እንደፈለጉ መቆም ክልክል ነው። ባይከለከልስ፣ የጭነት መኪና በጎን እየበረረ ማን ልጅ ይዞ ይወርዳል? ቤት ሳለን ሦስት ጊዜ ጠይቄያታለሁ። ሦስቱንም ጊዜ «የለኝም» ብላለች። የባለቤቴ እናት፣ እማማ፣ ምንም ሳይሉ ነጠላቸውን ማጣጠፍ ጀመሩ። ያ ነጠላ ከዚያ ቀን በኋላ ለቤተ ክርስቲያን አልተለበሰም።

ከዚያ ወዲህ ከከተማ በወጣን ቁጥር ፖፖ አብሮን አለ። ቦታውም ከፊት ወንበር ኋላ፣ እጅ የሚደርስበት ነው። ከሻንጣ ሥር የተቀበረ ፖፖ ከሌለ አንድ ነው።

ከልጆች ጋር ወደ ላንጋኖና ሐዋሳ አራት ጊዜ ሄደናል። ትልቁ ልጄ አሁን 11 ዓመቱ ነው፤ መሐለኛዋ 7፣ ሚጣ 4። የምንሄደው ከወንድሜ በምንዋሰው ሰባት ሰው በሚይዝ መኪና ነው። እኔ የሒሳብ ሠራተኛ ስለሆንኩ ሳልጽፍ አይሆንልኝም፤ ከእያንዳንዱ ጉዞ በኋላ ምን እንደጠቀመን፣ ምን እንዳባከንን በደብተር እይዛለሁ። ከታች ያለው ከዚያ ደብተር የወጣ ነው።

ዕቅዱን ቁረጡት

የመጀመሪያውን ዓመት ዕቅዴን ሳየው ዛሬ ያስቀኛል። በአራት ቀን ላንጋኖ፣ አብያታ ሻላ፣ ወንዶ ገነት፣ ሐዋሳ፣ ከዚያ አርባ ምንጭ! ካርታ ላይ ሁሉም ቅርብ ነው። ሻሸመኔ ስንገባ መሐለኛዋን ለሦስተኛ ጊዜ አስመለሳት። ትልቁ «ቤታችን እንሂድ» እያለ ያለቅሳል። ሚጣ የዓመት ልጅ ነበረች፤ ከነጋ ዓይኗን አልከደነችም። አርባ ምንጭ ቀረ። ወንዶ ገነትም ቀረ። ሐዋሳ ደርሰን ሁለት ቀን ተኛን።

አሁን ላንጋኖ ሁለት ሌሊት፣ ሐዋሳ ሁለት ሌሊት፣ በቃ። ላንጋኖ ከአዲስ አበባ 200 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ሐዋሳ 275 ገደማ። መንገድ የምንሄድበት ቀን ሌላ ፕሮግራም የለውም። በሌላው ቀን አንድ ነገር ብቻ እናያለን፤ ያውም ጠዋት። ከምሳ በኋላ ሚጣ ትተኛለች። ካልተኛች ማታ ሁላችንም እንቀጣለንና የጉዞው አለቃ እሷ ናት። ትልቁ ይህን ሲሰማ አኮረፈ። «እኔ እኮ ሕፃን አይደለሁም» አለ። እውነቱን ነው። እሷ ስትተኛ እሱ ከአባቱ ጋር አሳ ሊያጠምድ እንዲሄድ ተስማማን። እስካሁን አንድም አሳ አላመጡም።

ጊዜውን በተመለከተ የመንፈቅ ዓመቱን እረፍት፣ የጥርን መጨረሻ እመርጣለሁ። ዝናብ የለም፤ የጥምቀትም ግርግር አልፏል። ቅዳሜና እሁድ ሐይቅ ዳር ያለ አልጋ ስለሚወደድ ሰኞ ሄደን ዓርብ እንመለሳለን። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ግን በስምጥ ሸለቆ ወባ የሚበረታበት ወቅት ነው፤ ትንንሽ ልጅ ላለው ሰው አልመክርም። የጾሙንም ቀን ቀድማችሁ እዩ። ነነዌ አንዳንድ ዓመት ከዚሁ እረፍት ጋር ይገጥማል። አንድ ዓመት ገጠመን። እማማ በጾም አሳ አይነኩም። ያረፍንበት ቤት ደግሞ ከአሳና ከሥጋ ሌላ የነበረው ፓስታ በአትክልት ብቻ ነው። ሦስቱንም ቀን ፓስታ በሉ። እሳቸው አንዲት ቃል አላማረሩም፤ እኔ ግን አፈርኩ።

ቀብድ ከመላካችሁ በፊት

በስልክ «ፋሚሊ ሩም አለን» የተባልኩበትን አንድ ቦታ አልረሳም። ስንደርስ ፋሚሊ ሩም ማለት አንድ ሰፊ አልጋና መሬት ላይ የሚነጠፍ አንድ ፍራሽ ነው። ለስድስት ሰው! ቀብዱን በቴሌብር ከላክሁ ሳምንት አልፏል፤ አይመለስም አሉ። እማማ ከሴቶቹ ጋር አልጋው ላይ ተኙ። እኔና ትልቁ ፍራሹን ተካፈልን። ባለቤቴ መኪና ውስጥ አደረ፤ ጠዋት አንገቱ አልዞር ብሎ እኔን ለማኩረፍ እንኳ ተቸገረ።

ስለዚህ አሁን እንደ መርማሪ ፖሊስ ነው የምጠይቀው። ስንት አልጋ አለ? ዛሬ ያነሳችሁትን ፎቶ ላኩልኝ። አልጋው አጎበር አለው? መብራት ሲጠፋ ጀነሬተሩ እስከ ስንት ሰዓት ይሠራል? ሙቅ ውሃ ሁልጊዜ ነው ወይስ ማታ ብቻ? መዋኛ ገንዳው አጥር አለው? ከክፍሉ በር እስከ ውሃው ስንት እርምጃ ነው? ይህን የመጨረሻውን ስጠይቅ ይስቃሉ። በር ከፍታ መውጣት የቻለች ልጅ ያለው ሰው ግን አይስቅም። ልጅ ከስንት ዓመት ጀምሮ እንደሚከፈልለት፣ ቁርሱ ለስንት ሰው እንደሆነም አረጋግጡ። የተስማማችሁበትን በጽሑፍ መልእክት መልሳችሁ ላኩላቸው። በአፍ ያለቀ ነገር ስትደርሱ ሌላ ሰው ተረኛ ሆኖ ይጠብቃችኋል።

ሻንጣው

ልብስ በልጅ አልከፍልም፤ በቀን ነው የምከፍለው። የማክሰኞ ልብስ፣ የሦስቱም፣ ከነውስጥ ሱሪው በአንድ ፌስታል። ጠዋት አንድ ፌስታል ብቻ ይከፈታል፤ ማታ የቆሸሸው ተመልሶ እዚያው ይገባል። ላንጋኖ ቀን ቢሞቅም ሌሊት ይበርዳል፤ ለእያንዳንዳቸው አንድ ሹራብ። ለአልጋ የሚነጠፍ ላስቲክ ያዙ። በቤቷ አልጋ ማርጠብ ካቆመች ዓመት ያለፋት ልጅ በእንግዳ አልጋ ላይ ትጀምራለች፤ ደርሶብኛል።

የመድኃኒቷ ቦርሳ ትንሽ ናት። ቴርሞሜትር፣ የልጆች ፓራሲታሞል ሽሮፕ፣ ፕላስተር፣ የቁስል ማጽጃ፣ ኦአርኤስ። የሽሮፑን መጠን ከመነሳታችሁ በፊት ፋርማሲ ጠይቃችሁ ለየልጁ እንደ ክብደቱ ጠርሙሱ ላይ ጻፉበት። በሌሊት፣ በስልክ መብራት፣ ልጅ እያለቀሰ የሚሰላ ስሌት አይታመንም። ኦአርኤስ አንዱ ከረጢት በ1 ሊትር ንጹሕ ውሃ ነው የሚበጠበጠው። በብርጭቆ በግምት አትሥሩት። የ1 ሊትር የፕላስቲክ ጠርሙስ ይዛችሁ ሂዱ።

እማማ ደግሞ የራሳቸው ሻንጣ አላቸው። ጀበና፣ ረከቦት፣ ዘጠኝ ሲኒ፣ የተቆላ ቡና፣ ትንሽ ከሰል። መጀመሪያ «እማማ፣ እዚያ እኮ ማኪያቶ አለ፤ ቦታ ይይዝብናል፤ ቢተዉትስ?» ብዬ ለመንኳቸው። «አንቺ ማኪያቶሽን ጠጪ ልጄ» አሉኝ። ወደዚህ እመለሳለሁ።

መንገድ

ነዳጅ ከዋዜማው በፊት ሙሉ። በመነሻው ጠዋት ሰልፍ ላይ የሚጀመር እረፍት ከወዲሁ ተበላሽቷል። ወደምትሄዱበት ደውላችሁ የመንገዱን ሰላም ጠይቁ። ከዚያ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ላይ ውጡ። ልጆቹን ከነፒጃማቸው ነው የምናስገባቸው፤ ልብስ የሚቀይሩት ቁርስ ላይ ነው።

ለሚያስመልሳት ልጅ ጠዋት ወተት አይሰጥም። ደረቅ ዳቦ በሻይ ይበቃል። መሐለኛዋን ፊት ለፊት መንገዱ በሚታያት ቦታ እናስቀምጣታለን። ስልክ እንድታይ አንፈቅድም፤ አንገቷን ደፍታ ካየች አሥር ደቂቃ አትቆይም። ሎሚ ቆርጠን እናሸታታለን። ሎሚው ይሥራ አይሥራ እንጃ፣ እሷ ግን ታምንበታለች። ፌስታል ሁለቱን ደርባችሁ ያዙ፤ ቀድማችሁ እፍ ብላችሁ ቀዳዳ እንደሌለው እዩ። ይህን ያልኩበትን ምክንያት ሳትጠይቁ ትረዱኛላችሁ። የተቀቀለ እንቁላል በመኪና ውስጥ እንዳይላጥ። ቆሎና ዳቦ ቆሎ ለትልልቆቹ ጥሩ ነው፤ ለሚጣ ግን ቆሎ በሚሄድ መኪና ውስጥ አንሰጥም፤ ትንታ ያስፈራል። ለእሷ ሙዝ።

ከሞጆ እስከ ባቱ ያለው አዲሱ የክፍያ መንገድ ብዙ ነገር አቅሎልናል። መኪናው ስለማይንገጫገጭ መሐለኛዋ ካለፈው ዓመት ወዲህ አላስመለሳትም። ጉዳቱ ለልጅ የሚታይ ነገር መቀነሱ ነው። የድሮው መንገድ ቲማቲሙም፣ ሃብሃቡም፣ አሳ አንጠልጥለው የሚሮጡት ልጆችም ነበሩት። ከባቱ ወዲያ ግን ከብቱም ጋሪውም ባጃጁም መሐል መንገድ ነው። በዚያ በኩል ጨለማ ሳይዛችሁ መድረስ አለባችሁ። እዚያ ላይ የአህያ ቆጠራ እንጫወታለን። በቀኝ ያለው የቀኙን፣ በግራ ያለው የግራውን ይቆጥራል፤ ነጭ አህያ አሥር ይቆጠራል። አምና ትልቁ «ነጭ ናት!» እኅቱ «ግራጫ ናት!» ተባብለው ቡልቡላ ድረስ ተጣሉ። ዳኛዋ እማማ ነበሩ፤ «አቧራ የነካት ነጭ ናት» ብለው አምስት ነጥብ ፈረዱ።

ስለ ወላጆች ጠብም ልናገር። እኛ የምንጣላው ከተነሳን በሦስተኛው ሰዓት ላይ ነው፤ ደብተሬ ይመሰክራል። አራቱንም ጊዜ። መነሻው ገንዘብ ወይም መንገድ መሳት ይመስላል፤ ሥሩ ግን ረሃብ ነው። አሁን ሁለት ሰዓት ተኩል ሲሆን ተርበንም ባንሆን ቆመን እንበላለን። በመንገድ ላይ የቤት ኪራይ፣ ዕቁብና የዘመድ ጉዳይ ማንሳት ደግሞ በስምምነት ክልክል ነው።

ውሃው

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ።

የላንጋኖ ውሃ ቡናማ ነው፤ ወተት የበዛበት ሻይ ይመስላል። ልጆች መጀመሪያ ሲያዩት «ቆሻሻ ነው» ብለው ይጸየፉታል። ቀለሙ የሚመጣው ውሃው ውስጥ ከተንሳፈፈው ደቃቅ አፈር ነው። ላንጋኖ ከቢልሃርዝያ ነጻ በመሆኑ የሚታወቅ ሐይቅ ነው፤ ሰው የሚዋኝበትም ለዚህ ነው። ባቱ ላይ ያለው የዝዋይ ሐይቅና የሐዋሳ ሐይቅ እንደዚያ አይደሉም። የቢልሃርዝያ ትል በንጹሕ ቆዳ ሰርስሮ ይገባል፤ ቁስል አያስፈልገውም። ስለዚህ ሐዋሳ ላይ «እግሬን ብቻ ልንከር» ለሚል ልጅ መልሱ አይሆንም ነው።

የላንጋኖ አደጋ ሌላ ነው። ውሃው ስለደፈረሰ ውስጡ አይታይም። አንድ ልጅ አንድ ክንድ ያህል ብቻ ቢሰምጥ ከላይ ምንም አታዩም። ይህ የገባኝ በሁለተኛው ዓመት ነው። መሐለኛዋ ወገቧ ድረስ ገብታ አጠገቤ ትጫወታለች። ዞር ብዬ ለሚጣ ኮፍያ አደረግኩ። ስመለስ ልጅ የለችም። ውሃው ፀጥ ብሏል። ስሟን መጥራት አቅቶኝ እጄን ሰደድኩና ፀጉሯ ነካኝ። ትንፋሽ ይዤ እየቆጠርኩ ነበር ብላ ስቃ ወጣች። እሷ ስምንት ቆጥራለች። እኔ የዚያን ቀን ምሳ አልበላሁም።

ከዚያ በኋላ የወጣው ሕግ ይህ ነው። ልጅ ውሃ ውስጥ ሲሆን አንድ አዋቂ አብሮ ውሃ ውስጥ ነው፤ እጁ ሊደርስ በሚችልበት ርቀት። ዳር ተቀምጦ ማየት ጥበቃ አይባልም። ተራው 20 ደቂቃ ነው። ተረኛው ስልክ አይይዝም፤ ወሬም አያወራም። ሲለዋወጡ «ያንቺ ናቸው»፣ «የኔ ናቸው» ተባብለው ነው። «እሱ ያያቸዋል፣ እሷ ታያቸዋለች» እየተባለ ነው ልጅ የሚጠፋው። በመዋኛ ጎማ አትተማመኑ፤ ከሰዓት ነፋስ ሲነሳ ጎማውን ከነልጁ ወደ ውስጥ ይገፋዋል። እኛ ላይፍ ጃኬት ገዝተን ይዘን እንሄዳለን፤ ጀልባ ላይ የሚሰጡት አብዛኛውን ጊዜ የአዋቂ ነው። ልጅ ስታለብሱት ትከሻው ላይ ይዛችሁ ወደ ላይ ሳቡት። በጆሮው በኩል ሾልኮ ከወጣ ልኩ አይደለም ማለት ነው።

ምግብ ከመዋኘታችሁ በፊት እዘዙ። የሐይቅ ዳር ማድቤት አይቸኩልም። ከውሃ የወጣ ልጅ ደግሞ አይጠብቅም።

አንድ ማታ መብራት ሄደ፤ ጀነሬተሩም አልነሳ አለ። ነፋሱ በርትቶ ልጆቹ ውጭ መጫወት አልቻሉም። ስልኮቹ ዘግተዋል። ሦስቱም ተራ በተራ ማልቀስ ጀመሩ። እማማ በረንዳው ላይ ከሰሉን አቀጣጥለው ጀበናውን ጣዱ። መሐለኛዋ ሲኒ አጠበች፤ ትልቁ አራገበ። ሚጣ ቄጠማ ነው ብላ ከሣሩ ነቅላ አምጥታ በተነች። የጎረቤት ክፍል ሰዎች የቡናውን ሽታ ተከትለው መጡ፤ እነሱም ሁለት ልጆች ነበሯቸው። ዘጠኙ ሲኒ አልበቃም። እማማ አንድ ጊዜ ብቻ አዩኝ። ስለ ማኪያቶ ምንም አላነሱም።

አብያታ ሻላና ሐዋሳ

አብያታ ሻላ ብሔራዊ ፓርክ ለላንጋኖ ቅርብ ነው። ጠዋት ሂዱ፤ ቀትር ላይ ጥላ የለም። ከመግቢያው ብዙም ሳትርቁ ሰጎንና የሜዳ ፍየል ታያላችሁ። ለሚጣ እዚያ ላይ ቢያልቅ ይበቃት ነበር። ፍላሚንጎ ለማየት ግን የአብያታን ዳር መጠጋት አለባችሁ፤ ሐይቁም እየሸሸ ነው። ከላይ የሚመጣው ውሃ ለመስኖ ይጠለፋል፤ ለሶዳ አሽ (ለፋብሪካ የሚሆን ማዕድን) ምርትም ተስቦበታል። የተወው መሬት ከላይ ደረቅ ይመስላል፤ ከሥሩ ጭቃ ነው። የትልቁ ልጄ አንድ እግር ጫማ እዚያ ቀርቷል። አስጎብኚውን ተከተሉ፤ እሱ በረገጠበት ብቻ ርገጡ።

ሻላ ዳር ያለው ፍል ውሃ ልጆችን የሚያስደንቅ፣ እናትን የሚያስጨንቅ ነው። ሰው እንቁላልና በቆሎ የሚቀቅልበት ውሃ ነው። ሚጣን ባለቤቴ ትከሻው ላይ አድርጎ ነው ያሳያት። ሻላ 266 ሜትር ይጠልቃል። ትልቁ ይህን ሲሰማ ለቀሪው ጉዞ ሁሉን ነገር በሻላ መለካት ጀመረ። «ይሄ ፎቅ ሻላ ውስጥ ቢገባ ይታያል?» አይታይም። «ይሄስ?» አሁንም አይታይም።

ሐዋሳ ላይ አሞራ ገደል የአሳ ገበያ ጠዋት ነው። አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች ከሚጣ ይረዝማሉ፤ የአሳ ትርፍራፊ ሲወረወር እየተጋፉ ነው የሚሻሙት። ልጅ እጁ ላይ ምግብ ይዞ እንዳይጠጋቸው። ጥሬ አሳ የሚበሉ ሰዎች አሉ፤ ልጆቹ «እኛም» ማለታቸው አይቀርም፤ አይሆንም በሉ። ለልጅ ኮተሌት እዘዙ፤ አጥንት የለውም። ሙሉው ጥብስ ለአዋቂ ነው፤ ያም ሆኖ ሚጣን ኮተሌቱን በጣቴ እየዳሰስኩ ነው የማጎርሳት።

ከገበያው አጠገብ ባለው ጫካ ጦጣና ጉሬዛ አለ። ጉሬዛው ጨዋ ነው፤ ከላይ ሆኖ ያያል። ጦጣ ግን ኪስ ይፈትሻል። ከሚጣ እጅ ሙዝ ነጥቆ፣ ዛፍ ላይ ወጥቶ፣ ፊት ለፊቷ ልጦ በላ። ለግማሽ ሰዓት አለቀሰች። ያስለቀሳት መነጠቋ አልነበረም፤ «ልጣጩን በእኔ ላይ ጣለ» ነው የምትለው።

በጀልባ ጉማሬ ለማየት ዋጋውን ከመሳፈራችሁ በፊት ጨርሱ። በሰው ነው ወይስ በጀልባ? ለስንት ደቂቃ? እንዲርቅም ንገሩት። ባለ ጀልባው ደስ ሊያሰኛችሁ ብሎ ይጠጋል፤ ጉማሬ ግን የሚጫወቱበት እንስሳ አይደለም።

ለራሳችሁም ውሰዱ

በአራተኛው ጉዞ የጀመርነው ነገር አለ። በየቀኑ እኔ ሁለት ሰዓት፣ ባለቤቴ ሁለት ሰዓት ከልጆች ነጻ ነን። አብረን አይደለም፤ በተራ። እኔ ተኛሁ። አንድ ቀን ደግሞ ሐዋሳ ሐይቅ ዳር ብቻዬን ተቀምጬ ምንም አላደረግሁም። እማማን ሞግዚት አታድርጉ። ይህን ስል ባለቤቴ «ደስ ይላቸዋል እኮ» አለ። ጠይቃቸው አልኩት። «ደስ ይለኛል፤ ግን ጉልበቴ» አሉ።

ለልጆቹ በመጀመሪያው ቀን 200 ብር እሰጣቸዋለሁ፤ ከዚያ «ግዙልኝ» የለም። መሐለኛዋ ባቱ ሳንደርስ ጨረሰች። ትልቁ ሳይነካው ቤት ድረስ ይዞት መጣ፤ እስከ ሻሸመኔ 20 ብር ለእኅቱ አበድሮ 25 ሊቀበል ሲዋዋል ደርሼበታለሁ። ውሉን ሰረዝኩ።

ስትመለሱ

ዓርብ የምንመለሰው ቅዳሜንና እሁድን ለማጠብና ለመተኛት ነው። እሁድ ማታ ገብቶ ሰኞ ዩኒፎርም መፈለግን አንድ ጊዜ ሞክረነዋል።

ከተመለሳችሁ በኋላ ባሉት ሳምንታት ልጅ ቢያተኩሰው ጉንፋን ነው ብላችሁ አትተዉት። ወባ ከተነደፉ ከሳምንት በኋላ፣ አንዳንዴም ከዚያ ዘግይቶ ነው የሚታየው። አዲስ አበባ ያለ ሐኪም ካልነገራችሁት ከየት እንደመጣችሁ አያውቅም። ገና በሩ ላይ «ላንጋኖና ሐዋሳ ነበርን» በሉና ደም ይመርመር።

የዘንድሮውን በደብተሬ የጻፍኩት ቅዳሜ ማታ ነው፤ ማጠቢያ ማሽኑ ለአራተኛ ጊዜ እየዞረ። ያልተነኩ፦ ሁለት መጻሕፍት፣ የእኔ ተረከዝ ያለው ጫማ፣ ግማሽ ኪሎ ጭኮ። የጎደሉ፦ ተጨማሪ ከሰል፣ ሦስት ሲኒ፣ ለትልቁ ትርፍ ጫማ። ከሥሩ መሐለኛዋ በእርሳስ ጨምራበታለች፦ «ሎሚ። ነጭ አህያ 20 ይሁን።»